ሲያወራ ይቆማል

አባዬ ሲያወራ ይቆማል።
«ምሳ በላህ?» ስለው፣
እግሩን አስፋልቱ ላይ እንደ መልሕቅ ይጥላል፤
«በላሁ» ይላል፤
መልሕቁን ይስባል፤
ደግሞ ይሄዳል።

መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር፣
የድሮ ሰው ወጉ፣ ለቃሉ ክብር፤
የኋላው ሰው ሲገፋን፣ ባጃጁ ሲያንባርቅ፣
ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ከቦታው አይርቅ።

እሱ እኮ
በወደቡ ዘመን፣ በአንዲት ሳንቃ፣
ወርዷ ስንዝር ተኩል፣ ወገቧ ልምጥምጥ፣
የቁንዝላ ዳጉሳ፣ ኩንታሉን በጫንቃ
ጭኖ የሚሮጥ፣
«ሃያ ሦስት! ሃያ አራት!» እያለ እየቆጠረ፣
ከመዝጋቢው ጋራ እየተከራከረ፣
ዳር ቆማ ሎሚ ለምትሸጥ ልጅ
(በኋላ እናቴ ለሆነችው)
ነገር እየወረወረ።
ጣና ከሥሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፤
አንድም ቀን አልጎረሰው።

ኅዳር ውስጥ ወደቀ።
ገደል የለ፣ ጭቃ የለ፣ ድንጋይ እንኳ የለ፤
ከዘንባባው ጥላ ሥር፣ ለጥ ካለው መንገድ ላይ፣
አንድ ሰው ከባጃጅ ብቅ ብሎ
«ጋሽ ቢያድግልኝ! እንዴት ነዎት?» አለ።
ድምፁን ያውቀዋል፤ ስሙ ጠፋው።
ስሙን ሲፈልግ ሲፈልግ
እግሩን ረሳው።

ምንይችል የሚሉት ልጅ፣ ጋውኑ የሰፋው፣
የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በፕላስተር መስመር ለጠፈ።
«እስቲ በዚህ ይሂዱ።» ሄደ፣ እንደ ጎልማሳ።
«አሁን ደግሞ እየሄዱ፣
ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ይቀንሱ።»
ዘጠና ሦስት።
ሰማንያ ስድስት።
ሰባ…
ቆመ።
አንድ እግሩ ሰማንያ ላይ፣ አንድ እግሩ ሰባ ላይ፣
ከሥሩ ውሃ ያለ ይመስል
ሊሾውን እያየ።

«ሐሳብ እንደ ጡረታ ነው» አለኝ ልጁ በኋላ፤
«ያችው አንድ ፖስታ ናት፣ የለም ሌላ።
ድሮ እግር አይበደርም፣ ራሱን ችሎ ያድራል፤
አሁን ግን በየእርምጃው ከጭንቅላት ይበደራል።
ወሬም የሚከፈለው ከዚያው ፖስታ ነው።
ሁለቱ ባንድ ቀን ሲመጡ…»
አልጨረሰውም፤
መዳፉን ገለበጠው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሐይቁን ይዘን ስንሄድ
ዝም እላለሁ።
ዝምታ ለኔ ቀላል አይደለም፤ ጠያቂ ነኝ።
የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጠው፣
ከአጎቴ ጋር በምን እንደተኮራረፉ፣
ጉልበቱን ያመው እንደሆን፣
ሁሉን እንደ ኩንታል ተሸክሜ
ሾላው ሥር እስካለው አግዳሚ እወስደዋለሁ፤
እሱ ሲቀመጥ አራግፋለሁ።

አጥማጆቹ መረብ ያጥፋሉ፤ ውሃው ይቀላል፤
እሱ አያይም።
የሚያየው ከጫማው ፊት ያለችውን አንድ ክንድ መሬት ነው።
ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሐይቅ
እንደማያውቁት ሰው በጎኑ ያልፋል።
ጣናን ለማየትም ይቆማል።

ትናንት ስልኬ ጠራ። አነሣሁ።
«ምነው ጠፋሽ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ሲሉኝ
«በቃ ለፋሲካ…» ስል
አንድ እግሬ ክዳን ያጣ ቦይ ውስጥ ገባ፤
ጫማዬን ከጭቃው ጎትቼ አወጣሁ።
አባዬ ቆመ። (ሊስቅም ይቆማል።)
እስኪያስለው ሳቀና
«አንቺም ቆመሽ አውሪ» አለ።

አግዳሚው ላይ፣ ጫማዬን በቅጠል እየጠረግኩ፣
«ያኔ ከሳንቃው ላይ ለእማዬ ምን ትላት ነበር?» አልኩት።
አንዲት ታንኳ እስክታልፍ ዝም አለ።
«ያልኳትንስ እንጃ።
ብቻ ሃያ አምስትን ሁለቴ ጠራሁ፤
አንዱን ኩንታል በነጻ ተሸከምኩ።»
ፈገግ አለ።

ለካ ያኔም ፖስታዋ አንድ ነበረች፤
እግሩ ግን አይደለም የከፈለ።

ተነሣን።
የመንገዱ መብራት ገና አልመጣም።
እሱ እግሩን፣ እኔ አፌን ይዘን
ወደ ቤት ሄድን፣
ከባጃጅ ውስጥ ማንም
ስሙን እንዳይጠራው እየጸለይኩ።