ዋዋ ላይ ኔትወርክ የለም

ዋዋ ትባላለች፤ ከሐይቁ በላይ ያለች ትንሽ ከተማ።
ስሟን ያወጣላት ምን አስቦ እንደሁ እንጃ፤ ለእኛማ
«ዋ!» ማለት «ተጠንቀቅ» ነው፣ ሲደገም ደግሞ ጩኸት።
ከባዱን መኪና ከተዘጋው ማደያ ጥግ አቁሜ፣ በድቅድቅ ምሽት፣
ስልኬ አንዴ ብልጭ አለና፣
«የፊት በር ተከፈተ፤ ማንቂያው ጮኸ» ብሎ ነገረኝና
ድርግም።
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።

ማጥፊያዋን ነካኋት። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣
ትዞራለች፣
ራሷን እንደሳተች ዶሮ ባለችበት ትሾራለች፣
በመጨረሻ፦ «ቤትዎን ማግኘት አልተቻለም» አለች።

ቤቴን? ቤቴ እኮ የትም አልሄደም!
እዚያው ነው፤ ካካቤካ፣ ከፏፏቴው ወዲህ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ጣሪያው ላይ ጉልበት የሚውጥ በረዶ፣
ውስጡ የባሌ አባት፣ ጋሽ ደምመላሽ፤
አንድ ጆሯቸው ዘግቷል፣ ሌላው ሲያሰኘው ይሰማል፣ እየመረጠ እንደ ቀማሽ።
ባሌ ማዕድን ቁፋሮ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ቀን ከመሬት በታች፤
እሱ ዘንድ እንኳን ስልክ፣ ፀሐይም አልደረሰች።
የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዋይት ሪቨር ሆኜ፣ በአንድ ጣቴ፣
«ዛሬ ክሊኒክ ቀጠሮ አላቸው፤ ቤት የሉም» ብዬ፣ በግምቴ።
(ቀጠሮው የነገ ኖሯል።)

ሃያ ቶን ወረቀት ጭኜ፣ ጎማው ላይ ወጣሁ፣ ኮፈኑ ላይ ወጣሁ፣
ስልኬን ለሰማይ ዘረጋሁ።
ነፋሱ ማማውን መትቶት ነበር አሉ። እኔ ምን አውቄ።

ኋላ እንደሰማሁት፦
ጋሽ ደምመላሽ አመድ ሊደፉ በር ከፍተው ሲወጡ
ቤቱ እሪ አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን «አራት ቁጥር አምጡ!»
ቁጥሩ የልጄ የልደት ዓመት ነው፤ ያውቁታል፣ አላጡትም፣
ግን በእኛ አቆጣጠር አስገቡት፤ ሳጥኑ ጳጉሜን አያውቅም።
ሰባት ዓመት ወደኋላ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት፤
ከዚያ የተዘጋውን ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አዙረው ተቀመጡ፣ ካፖርት ደርበው፣ በትዕግሥት።

የጥበቃው ድርጅት አልደወለም፤ ምልክቱ አልደረሰው።
ፖሊስም አልመጣ፤ ማን ነግሮት? የመጣው ሰው
ኤይኖ ነው፤ ከሜዳው ማዶ የሚኖር ፊንላንዳዊ አዛውንት፣
በአንድ እጁ ፒንሳ፣ በሌላው መጥረቢያ፣ ግንባሩ ላይ መብራት።
ጋሽ ደምመላሽ መጥረቢያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤
ፒንሳውን ተቀብለው፣ ሠላሳ ዓመት የቴሌ ሽቦ በዳበሰ ጣታቸው
የጩኸቱን ክር ለይተው ነጠቁ።
ጸጥ።
(በብረት ጥፍር ምሰሶ የሚወጡ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ፤
«መስመር ሲበጠስ ሰው ነው የሚላክ» ይላሉ እስካሁን፣ ባወሩ ቁጥር ባወሩ።)

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ የተቀደደ መሰለኝ፤
አርባ አንድ መልእክት ባንድ ትንፋሽ ወረደብኝ።
«እንቅስቃሴ፣ ሳሎን። እንቅስቃሴ፣ ማድቤት።
የተሳሳተ ቁጥር። የተሳሳተ ቁጥር። የኋላ በር። እንቅስቃሴ፣ መኝታ ቤት።»
እንደ ደብዳቤ አነበብኩት፤ እዚህ ጋ ቆመው አስለዋል፣
እዚህ ጋ መነጽራቸውን ፈልገዋል።
የመጨረሻዋ፦ «እንቅስቃሴ የለም።» ሰዓቷ ሦስት ተኩል።
እሷን ደጋግሜ አነበብኳት። ተኝተው ይሆን ወይስ… ዝም በል፣ ልቤ፣ ዝም በል።

በሳምንቱ ባለሙያው መጣ፤ ሳጥኑን ከፍቶ ፈገግ አለ፤
«ይሄ እኮ ሦስተኛው ትውልድ ነው፤ ሊዘጋ ነው፤ አራተኛና አምስተኛ ነው ያለ።»
ጋሽ ደምመላሽ እስክተረጉምላቸው ጠብቀው፣
«እኔንስ በስንተኛው ሊያስገባኝ ነው?» አሉ፣ ስቀው።
ጣሪያው ላይ አንቴና ተሰቀለ። ወርሃዊው ክፍያ ጨመረ።
ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ።

ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሱድበሪም ልሁን ዊኒፔግም፣
ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት አገኛለሁ፤ ከኤይኖ የሽቦ ስልክ፤ ሰላምታ እንኳ አያስቀድምም።
የጭስ ማውጫችንን በመስኮቱ አይቶ፣
ጋሽ ደምመላሽ ያስተማሩትን፣ የድሮ መስመር ፈታሾችን ቃል አንስቶ፣
በዚያ በፊንላንድ ጉሮሮው፣ ያለ አንቱታ፣ ሳያላላ፣ አጥብቆ፣
«አለ» ይላል፤
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ምናልባት ዳግመኛ ተመልክቶ፣
«አለ።»