ለአሁኑ

"አንድ ሊትር ውሃ ጠጥተሽ ነይ" አሏት፣
"ሽንት ቤት እንዳትሄጂ፣ ፊኛሽ ሙሉ ይሁን"፤
እግሯን አነባብራ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት
ወንበር ጫፍ ላይ ሆና ትቆጥራለች ደቂቃውን።

"በዳሶ፣ እንዳታስቀኝ" ትለኛለች ቀስ ብላ፣
"ከሳቅሁ አበቃልኝ፣ የለኝም ሌላ መላ።"
እኔ ደግሞ ስፈራ ነው ቀልድ የሚመጣልኝ፤
ጋሪ ነጂው አባቴ ይህችን ነው ያወረሰኝ።

ባለፈው ነሐሴ፣ በዘጠነኛው ሳምንት፣
አንድ የሄደ ነበረን፤
ለማንም ስላልነገርን፣ ለቅሶ ደርሶ
"ያጽናችሁ" የሚል አጣን።
በማግስቱ እሷ ፋብሪካ ገባች፣ እኔም ጎማዬን አስነፋሁ፤
መቁጠር ያቆምንባትን ቀን ግን እስካሁን አስታውሳለሁ።

መብራት ጠፋ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ከጋራው ጫፍ ላይ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ
ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤
ለማን ይሆን የሚልኩት እነዚያ ነጫጮቹ?
ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ አሳለው፤ ቆመ፤
ደግሞ ተነሳ። "ዘይቱና ሁሴን!" ሲሉ እግሬ ከሷ ቀደመ።

"ቢስሚላሂ" ብላ ተኛች፤ ቅባቱ ሲነካት ዘለለች፤
"በሚያዝያ፣ አዳማ ላይ፣ ብርድ አገኘሽ" ስላት
ሲስተር ትርፌ ሳቀች።
ዘይቱና አልሳቀችም። ፊኛዋን እያሰበች
ክንዴን ቆነጠጠች።

መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ የጠዋት ጉም፣
ቀጥሎ አፍንጫ። አፍንጫ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።
ከዚያ፣ ከጉሙ መሃል፣ እጁን አነሳ፣
ባጃጅ እንደሚያስቆም መንገደኛ፤
እግሬ፣ ወንበር ላይ መሆኔን ረስቶ፣ ፍሬን ሊረግጥ ተነሳ።

ከዚያ ዝምታ።
"የማጅራቱን ፈሳሽ ልለካ" ብላ
ከአንገቱ ኋላ ሁለት ምልክት አኖረች፣
አጠፋች፣ እንደገና አኖረች።
በዕድሜዬ ዘይት ለክቻለሁ፣ ቤንዚን ለክቻለሁ፤
ሚሊሜትር ሲያስፈራ ግን ዛሬ ገና አየሁ።

"ሁለት ነጥብ ሦስት።"
"ብዙ ነው?" አለች ዘይቱና።
"ትንሽ ነው?" አልኩ እኔ።
"ደህና ነው፣ ለአሁኑ። ደሟም ይታይና፣
ሐሙስ ኑ።"

ድምፁን ስትከፍትልን
"ዳማ!" አልኩ። የአባቴ ፈረስ፣ ዳማ፣ ከፍራንኮ ቁልቁል፣
ባዶ ጋሪ እየጎተተ፣ ገብሱ ከሩቅ ሸትቶት፣
አስፋልቱን በኮቴው ሲቀጠቅጥ ልክ እንዲህ ይል።
"ምን ፈረስ ነው!" አለች ሚስቴ፣ "የኔ መኪና ነው እንጂ!
ፈረቃው ሊያልቅ ሲል፣ የሱሪ ኪስ ስሰፋ፣
ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬ።"
"ፈረስ ነው።"
"ስፌት ነው።"
"መቶ ስልሳ አንድ" አለች ሲስተር፣ ሁለታችንንም ሳትሰማን፣
ጻፈችው።

ደሟን ሰጠች። ከዚያ ሮጠች፤
በሰርጋችን ዝናብ ሲመጣ እንኳ እንዲያ አልሮጠች።
እኔ ፎቶውን ይዤ ቀረሁ፣ "ሙቀት አታስነካው፣ ይጠፋል" ተብዬ።
ሙቀት አታስነካው! አዳማ ላይ! የት ላኑረው ጌታዬ?
ኪሴ ያልበዋል፤ ባጃጄማ እቶን ነው።
ከሱቅ በረዶ የሆነ ውሃ ገዝቼ፣
ፎቶውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከጠርሙሱ ጋር አቀፍኩት።

ዘይቱና ወጣች፣ ጠርሙሱን አየች፤
"ወላሂ፣ ውሃ እንዳታሳየኝ!" አለች።
ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ሳቅ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ለቀቀችው፤
እንባዋ እስኪወርድ።
የቱ የሳቁ፣ የቱ የነሐሴው እንደሆነ
አልጠየቅኳትም።

"ማን እንበለው?"
"ገና ነው።"
"ለአሁኑ?"
"ለአሁኑ።"

ወደ ቤት ስነዳ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ፣
ከኋላ ክላክስ ሲያንባርቅ፣ "አንተ፣ እንቁላል ነው የጫንከው?" ሲሉኝ
"አዎ" አልኩ።
ለሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።