እግሬ አውጪኝ

አሥራ አራት ዓመት፣ ከመኪና ማቆሚያው የመስታወት ዳስ፣
ተቀምጬ ትኬት ስቆርጥ፣ ተቀምጬ መልስ ስመልስ፣
«ሆድ ካገር ይሰፋል» ተረት ብቻ መስሎኝ፣
ቀበቶ በምስማር ስበሳ መሸብኝ።

ኤድመንተን፣ ጥር ወር፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
ቆምኩ ከደረጃው ሥር፣ የልጄ ስኒከር እግሬን ነክሶ።
«እግሬ አውጪኝ» አልኳት፤
ለሽሽት ብቻ ነበር ድሮ የምጠራት።

አሥራ አንድ ላይ ቆመች።

ሰማንያ የሞላት ሴት ከውሻዋ ጋራ
ዞራኝ አለፈች፣ እንደሚዞሩት ተራራ።

በረዶው ሲቀልጥ ስልሳ ሦስት ደረስኩ፤
ቀበቶዬም ላይ አንድ ቀዳዳ ተመለስኩ።
«ጫፉ ላይ ምን አለ?» ብላት ባለውሻዋን፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣
«መቀመጫ» አለች። ሳቅ አንቆ ሊገድለኝ።