ቁጥር ሰባት

የፋብሪካው ጡሩምባ ገና ሳይጮህ ማልጄ፣
ከዲኤክሴ መስታወት ውርጩን ፍቄ አውርጄ
(በባንክ ካርድ ነው የፋቅኩት፤ ሌላ ሥራ የለውም፣
ወሩ ሃያ አምስት ነው፣ ደሞዝ አልደረሰውም)
ኮፋኖዋን በመዳፌ መታ መታ አደረግኳት፣
«ዛሬን ብቻ፣ እናቴ» ብዬ እንደ ሰው ለመንኳት።

ትላንት ማታ ሆዷን ዘርግፌው ነበረ፤
ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ሳይወርድ የቀረ
ሩብ ኩንታል ገብስ፣ የልጄ አንድ እግር ጫማ
(ስንት ወር ፈለግነው፣ ስንጠራው ሳይሰማ)፣
ጃንጥላ፣ የደረቀ ብርቱካን፣ የእድር ደረሰኝ፤
ይህን ሁሉ አዝላ መሮጧ ገረመኝ።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ከባቄላው ማሳ ዳር፣
አስፋልቱ ተጠማዟል፣ እንደ ወለቀ ዙናር።
የትም አያደርስም፤ ከጀመረበት ይገጥማል።
ለማያደርስ መንገድ ሰው ገንዘብ ይከፍላል።

ከሸኖ የመጣ ቮልስ፣ ጭስ ማውጫው የሚያስነጥስ፣
ጎሚስታው ጌጤነህ ከጎማ ጎማ ሲመላለስ፤
ቁጥር ሰባት ብሎ በፕላስተር ለጠፈልኝ፣
የተዋስኩት ሄልሜት የሌላ ሰው ላብ ሸተተኝ።
አቶ አጥናፍሰገድ ባንዲራውን ጠቅልሎ
ጎንበስ አለ በመስኮቴ፣ ፍሬኔን ተሳልሞ የመጣ መስሎ፦
«ባትሪሽ ታስሯል?»
«ታስሯል።»
«ሸራሽስ?»
«አዲስ ነው።»
«ማታ ቤትሽ የምትገቢው በምንድን ነው?»
«በዚችው።»
«እንግዲያው እሱን አትርሺው።»

የመጀመሪያውን ዙር እንደ ሙሽራ አጀብ ነዳሁ፣
በሁለተኛው ደግሞ እንደ ሌባ ፈራሁ።
ቮልሱ እንኳ አለፈኝ! በስፖኪዮ አየሁት መጥቶ፣
ይቅርታ እንደሚጠይቅ እጁን በመስኮት አውጥቶ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዬ ከዳኝ፤
ሰማይ፣ ባቄላ፣ ባንዲራ፣ ሁሉም ባንዴ ዞረብኝ።
ከዚያ ጸጥታ። አቧራው ቀስ እያለ ወረደ፤
ሞተሩ ጠፍቶ፣ የልቤ ብቻ ሄደ።

ያኔ ነው አባቴ የመጣው፣ ጣርማ በርን ሲወርድ፣
በትሬንታ ኳትሮው፣ ጉም መንገዱን ሲጋርድ።
እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ጋቢና ተቀምጬ፣
ፍርሃቴን ከብስኩት ጋር ውጬ።
«ኩርባ እንግዳ አይወድም ሮጦ ሲመጣበት፤
ጎንበስ ብለሽ ግቢ፣ ቀና ብለሽ ውጪበት።»
ስለ ሰው ቤት መስሎኝ ነበር፣ ስለ ጨዋ ልጅ ደንብ፤
እስከ ዛሬ ድረስ፣ እግሬ ፍሬን ላይ እስኪያስብ።

ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ አስላት። ተነሣች።
ቮልሱን አሳለፍኩና ወጣን፣ እየተንገራገጨች።
ቀጥ ባለው ላይ ፍሬን፤ ሁለተኛ፤ ዓይን ወደ መውጫ፤
መሪውን አላነቅኩትም፤ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ነዳጅ መስጫ።
ዲኤክሷ ጎንበስ አለች። ቀና አለች። ወጣች።
ከኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ ይህን ከማን ተማረች?
ገበያና ለቅሶ እንጂ ምን አሳይተናት ነበር?
ማንም አላየንም።
አጥናፍሰገድ እንኳ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር።

አንድ ኩርባ ብቻ ነው። የቀሩትን አበላሸሁ፤
ዋሽቼ አልናገርም፣ አንዱን ኮኖ ገጨሁ።

ማታ ስኮርታዋን መለስኩ፣ ክሪኩን፣ ገብሱን ጫንኩ፤
ሰባቱን ስልጠው ቀለሟን ይዞ መጣ፤ ለማንም አልነገርኩ።
ከባጃጅ ኋላ በሠላሳ፣ ፍሬቻ እያበራሁ፣
የበራችን ኩርባ ላይ ሳላስበው ጎንበስ አልኩ።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለች ልጄ፣ በሩን ይዛ።
«ውድድር አይደለም።»
«እና ምንድን ነው ታዲያ?»
ጫማዋን አቀበልኳት፤ ስለ ኩርባው ጀመርኩላት፣
ስለ አያቷ፣ ስለ መውጫው፣ በእጄ እየሣልኩ አሳየኋት።
እግሯን ሞከረችው፣ ተረከዟ ውጪ ቀረ፤
«አይገባኝም» አለች።

ጫማውን ይሁን ኩርባውን
አልጠየቅኳትም።