ከሳህኑ ስንት እርምጃ

ሴቱባል፣ ከወደቡ ኋላ፣ ቁልቁል በሚወርደው፣
ቤልሚሮ ሱቅ አለው፣ ፀሐይ የማይጎበኘው።
ሟች ያነገተውን፣ ወራሽ የሸጠውን፣
ደርድሮ ይወለውላል፣ የሰው ዓይን የነበረውን።

እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ሰርግ የጠፋብኝ፣
የእህቴ ባል ዜፌሪኖ ዓሣ ቤቱ ጠርቶኝ፣
«ለምግብ ዝርዝሬ ፎቶ አንሺልኝ» አለኝ፤
ሁለት መቶ ዩሮ በፖስታ አስጨበጠኝ።

«ለምግብ የሚሆን ሌንስ...» ብዬ ሳልጨርስ፣
ሦስት አወጣ ቤልሚሮ፣ ጨርቅ ላይ፣ ቀስ፣
እንደ አማላጅ ሽማግሌ የአንዱን ዘር ሲቆጥር፣
የሌላውን ጠባይ፣ የሌላውን ነውር።
«ሦስቱንም ያዢና ሐሙስ ሁለት መልሺ፤
የሻጭ ምክር ይቅርብሽ፤ ሳህን ፊት ቆመሽ አንሺ።»

ባለ ሃያ አራቱን አስቀድሜ ገጠምኩ።
አፈ ሰፊ ነው፤ ያልፈለግሁትን ሁሉ አፈስኩ፦
ጠረጴዛውን፣ ጣሪያውን፣ የቆመውን ሰዓት፣
ዜፌሪኖን፣ ጥርሱን ሲጎረጉር በእንጨት።
ሎሚው ሐብሐብ አክሎ ከፊት ተገተረ፤
ኋላው ያለ ሰርዲን ኩታራ ሆኖ ቀረ።
«ዓሣዬን ማን አከሳው?» አለ የእህቴ ባል፣
«ደንበኛ ይህን ካየ ጎረቤት ይበላል!»

ባለ ሃምሳው ጨዋ ነው።
ከወንበር ላይ ያያል፣ እንደ ተቀመጠ ሰው፣
ክንድ ሲዘረጋ ጨው ከሚደርስበት ስፍራ፤
አያጋንን፣ አያሳንስ፣ የማይነዛ ጉራ።
ሰርዲኑ ሰርዲን ነው፣ ድንቹም ድንች ብቻ።
ወደድኩት። ሰው እንዲህ ነው የሚወድ ለጋብቻ።
ግን ቆዳው ላይ ያለውን፣ ፍም የጻፈውን፣
ጨው ሲፈነዳ የተወውን፣
ላይ ብዬ ብጠጋ፣ ዓይኑን አደበዘዘብኝ፤
«ከዚህ ወዲያ ነውር ነው» ያለኝ መሰለኝ።

ቀረ ባለ መቶው፣ የወፍጮ ድንጋይ ክብደት።
«ራቂ!» አለኝ፤ ራቅሁ። «ገና!» በሩን ከፈትኩት፣
ከመንገድ ዳር ቆሜ፣ ሞተር ብስክሌት እየሸሸሁ፣
ሙሉውን ሳህን አየሁ፣
ዓሣ ሻጯ ሄርሚኒያ፣ ሣጥኗን ተሸክማ፣
መሃላችን እስክትቆም፣ ሳህኔን አጨልማ።

«ለጠባብ ቤት አይሆንም» ብዬ ልፈታው ስል፣
ለስንብት ተጠጋሁት። ይኸኛው «ነይ» ይላል።
አንድ ጠብታ ዘይት ውስጥ መስኮቱ ተገልብጦ፣
ጨው እንደ ቤት ፍራሽ፣ ግማሹ ሰምጦ፣
ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ፣
በዘይት የታተመ፣ መስመሩ ሁሉ የጠራ፣
በመሃሉ ሰያፍ ጠባሳ፦ ቢላ የሄደበት።
አልበርቲና ናት። የወጥ ቤቷ ሴት፤
ሠላሳ ዓመት ሳህን ስትገፋ በመስኮት፣
ከእጇ በቀር ደንበኛ ያላያት።

«ጥረጊው!» አለ ዜፌሪኖ። ጠረግሁት።
ከመጥረጌ በፊት ግን አነሳሁት።

ረቡዕን ሙሉ በባለ ሃምሳው ሠራሁ፤
የዜፌሪኖን ዝርዝር ጨርሼ ሐሙስ ማለዳ መጣሁ፤
ባለ ሃምሳውን መለስኩ፣ የእጄ ላብ ሳይደርቅ፣
ከባለ ሃያ አራቱ ጋር። ቤልሚሮ ሲስቅ፣
«በአንዱ በልተሽ ከሌላው ጋር ልትሄጂ!» አለኝ።
ስልሳ ዩሮ ከኪሴ ጨመርኩ። ጥቂት ቆጨኝ።

ፎቶውን አሳትሜ ለአልበርቲና ሰጠሁ።
እጇን በሽርጧ ጠርጋ መስኮቱ ጋ ቆመች፤
ጣቷን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ ደግሞ ጣቷን አየች።
«ዘይቱ በዝቷል» አለች፣
ወደ ፍሟ ተመለሰች።