የገጹ ዳር

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ኔትወርክ ሲመጣ፣
የይሰማው ድምፅ ከስልኬ ሲወጣ፣
አባቴ ከሸማው ጉድጓድ እግሩን መዝዞ
ይሰማል ተጠግቶ፣ መወርወሪያ ይዞ።

የእኅቴ ልጅ ነው። የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ሄዶ
ጺም አበቀለ አሉ፣ ሚሽና ለምዶ፤
እኛ ሽምብጥ ቀረን፣ ከውሃው አፋፍ ላይ፣
ፋይላችን አንድ ቀን ይነሣ እንደሆን ስናይ።

«አያቴ፣ ይሰማል? ይህ ነው የቃል ሕግ፤
ተጽፎም አላለቀ፣ አለው ሌላ ጥግ።
ገጹን ብታየው፣ ዋናው ቃል መሐሉ፣
ዙሪያውን መምህራን ‹ነው›፣ ‹አይደለም› ሲሉ፤
አንዱ አንዱን ሳይረታ፣ አንዱ አንዱን ሳይፍቀው፣
ዘመን ተሻግረው ባንድ ወረቀት ታጭቀው።
ባሕር ነው ይሉታል፤ ዋኝቶ የጨረሰው የለም።»

አባቴ በመስኮት ጣናን አየ። ዝም።

«መሐሉ ደሴት ነዋ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ፤
ታዲያ ለኛ ለዳሮቹ ምነው በረሃ?
ባሕር ዳር ተቀምጠን፣ ከገጹም ዳር ሆነን፣
የጻፈልን የለም፤ ወይስ አላነበብን።»

ያን ሐሙስ ትምህርቱ የሻማ ነገር ነበር።
«ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ይብራ» አለ፤ «በክብር፣
ሰንበት በብርሃን ነው የምትቀበለው።»
አባቴ መወርወሪያውን መሬት አስቀመጠው።

«የኔ አባት፣ የሱ አባት፣ ዓርብ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ
ፍሙን በውሃ ገድለው፣ ቤቱ ድቅድቅ፤
ሕፃን ቢያለቅስ በዳበሳ፣ እናት ብታምጥ በዳበሳ፤
እሳት እሳት ነው ልጄ፤ ትናንት ቢለኮስ ስሙን አይረሳ።»

«‹አታንድዱ› ማለት ‹አትጀምሩ› ነው፤
የነደደው ይንደድ፤ መምህራን ያሉት ነው።»
«የት ያሉ መምህራን?» «ባቢሎን የነበሩ።»
«ባቢሎን! እኛ ዘንድ መች መጥተው መከሩ?
እኛ ስን—»
ተቋረጠ።
ኔትወርኩ ነው። ወይ ልጁ። ማን ያውቃል ማን እንደቆረጠ።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቱ፣ የኔታ ልሳነወርቅ፣
ዓይናቸው የጠፋ፣ ጆሯቸው ግን ሩቅ፣
ሳል አሉ። «ሰማሁት። አትቀየሙኝ ብቻ።
በኛም ቤት አንድ ቃል ሲገኝለት መፍቻ
‹አንድም› ብለን ደግሞ ሌላ እንቀጥላለን፤
እሱንም ሳንጨርስ ‹አንድም› እንላለን።
‹አንድም› ከተባለ ፊተኛው አይሻርም፤
ኋለኛው ሲመጣ ወንበር አይሰብርም።»

«ታዲያ ሻማው ይብራ?» አባቴ ጠየቀ።
የኔታ ጭራቸውን ነሰነሱ፤ ጥያቄው አጥሩ ላይ ወደቀ።

ዓርብ።
ሁለት ሻማ ነበረኝ፣ ከመቀነቴ ቋጥሬ፣
ማንም ሳያይ ከሱቅ ያመጣሁት፣ በገዛ ብሬ።
ፀሐይ ደንገሉ ውስጥ ገባች፤ ግማሽ ቀረ፣ ሩብ ቀረ፤
ክብሪቱ መዳፌን አላበው፤ ጣቴ ብቻውን መከረ።

አባቴ ገባ። አየኝ። ይቆጣል ብዬ ስፈራ
አንዱን ሻማ ተቀብሎ፣ በጣቱ ክሩን አጠራ፣
ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በጣና አንጻር፣ አቆመው።
አልለኮሰውም።
አልጣለውም።
«አንድም» አለ። ይኸው ነው።

ስልኩን አጠፋሁ። ጨለማው እንደ ጥንቱ መጣ።
የሐሙሱን ትምህርት ሰማሁት ከአፉ ሲወጣ፤
አንዴ እንደ ልጁ ሆኖ፣ አንዴ እንደ አባቱ፣
ከባቢሎን ጋር ሲሟገት አመሸ፣ ቀዝቅዞ ራቱ።
ሩቅ የዓሣ አስጋሪ ፋኖስ ሐይቁ ላይ ሲወዛወዝ
ሻማው ጎን ላይ ያበራል፣ እንደ ላብ ቀጭን ወዝ።

በሌላው ሐሙስ ልጁ፣ ገና ሰላም ሳይለን፦
«በራ?» አለ።
አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።
እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።
«ቆሟል።»