ኒም ሥር ያለች ዋዝ

ምድር ባቡር «በቃህ» ቢለኝ በግማሽ ገጽ ደብዳቤ፣
የሃያ ሦስት ዓመት ላቤ
አንዲት ፖስታ አልሞላም።
በዚያችው፣ ከጨረታ፣ ዋዝ ገዛሁ፤ የስልሳ ዘጠኝ ዘማች፣
በሯ ላይ ሦስት ቀዳዳ፣ ሞተሯ የነከሰ፣ ከነአሸዋዋ የመጣች።

ሸምሲያ አይታ ሳቀች። በሳምንቱ ልጆቹን ይዛ
ጅጅጋ ገባች፣ እህቷ ዘንድ።
«የሞተ ብረት የሚያስታምም ወንድ...»
ብላ፣ ሳትጨርስ።

እኔ ግን ሌሊት ሌሊት፣ ሙቀቱ ሲበርድ ከዚራ፣
ኒሙ ሥር ተንጋልዬ ከሆዷ ጋር ሳወራ፣
ካንዴላ በቤንዚን ሳጥብ፣ ካርቡራተር ስፈታ፣
ፍሪሲዮን ፍለጋ መጋላን ስዞር እስከ ማታ፣
ክረምቱ ወጣ።

ሦስቱን ቀዳዳ አላስበየድኩም።
በያጁ ነስሩ «በነፃ ልድፈነው» ቢለኝ፣
«ተወው፣ ነፋስ ይግባበት» አልኩት። ለምን እንደሆን አልገባኝ።

ትናንት ሲነጋጋ ፒስተኑ ዘይት ጠጥቶ ተላወሰ፤
ሳለች።
አንዴ ብቻ። የጎረቤት ውሻ አላዘነ፣ ጭሷ ኒሙን አለበሰ፣
ከዚያ ዝም።
አልነዳኋትም።
የቤንዚን የለኝ፤ መንጃ ፈቃዴም ጊዜው አልፏል።
መሪዋን ይዤ ደንገጎን ሳይ ቆየሁና
ወደ ጅጅጋ ደወልኩ።
«ሳለች» አልኳት።
«ማን?» አለች ሸምሲያ ደንግጣ፤
እጇ ወደ ልጆቹ ግንባር ሲሄድ ታየኝ።